የተሰቀለ ብዕር እንዴት ይወርዳል?

ባለፈው ዓመት የትምህርት ክፍል ምርጫ በተደረገበት ሳምንት አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ሰማያዊ ደብተር አምጥታ አልጋዬ ላይ ጣለችው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ የጻፈቻቸው ግጥሞችና አንድ ያላለቀ ልብ ወለድ ነበሩበት። «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ አካውንቲንግ ሞልቻለሁ። ሥራ ይዤ፣ ቤተሰቤን ረድቼ፣ ራሴን ስችል እመለስበታለሁ» አለችኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ከሣጥኔ ሥር አስቀመጥሁት።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የመሰለ ነገር ያልተናገረ ወይም ያልሰማ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። «መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ድርሰት» የሚለው ሐሳብ የሰነፍ ሐሳብ አይደለም። ከኋላው አራት ታናናሾች ያሉት የገበሬ ልጅ ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ጓደኛዬን ለመውቀስ አይደለም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም «እመለስበታለሁ» የሚለው ቃል የሚታመን ነው ወይ? ተመልሰው የጻፉ ሰዎች አሉ ወይ? ካሉስ ሲመለሱ ምን ቆያቸው፣ ምንስ ጠፍቶ አገኙት? የሚለውን ነው። እኔም ራሴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ፈላጊ ስለምሆን ጥያቄው ለሌላ ሰው ብቻ የቀረበ አይደለም።

ተመልሰው የጻፉ ሰዎች ሲባል የሁላችን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሐዲስ ዓለማየሁ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሰው እንኳ በራዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ የሰማ ዘመድ አያጣም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ከለንደን አምባሳደርነት የተመለሱ የመንግሥት ሹም እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ነገሩን ከሥሩ ብናየው እንዲህ ነው። ሐዲስ በጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና በወጣትነታቸው ተውኔት ጽፈዋል፤ አስተማሪም ሆነው ሠርተዋል። እንግዲህ የድርሰት ፍቅር የያዛቸው በሽምግልና አይደለም ማለት ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙና ብዙ ዓመት በግዞት ቆዩ። ነጻ ወጥተው ከተመለሱ በኋላ ደግሞ መንግሥት ለራሱ ሥራ ፈለጋቸው። ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ ለንደን፣ በመካከሉም ሚኒስትርነት አለ። ከወጣትነቱ ተውኔት እስከ ታላቁ ልብ ወለድ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ።

ሠላሳ ዓመት! አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ እኔም እስከዚያው ልተኛ፤ ጊዜው ሲደርስ እነሣለሁ» ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሐዲስ አልተኙም። በ1948 ዓ.ም.፣ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተወጥረው በነበሩበት ዘመን፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ተረት ነው፤ ትልቅ ልብ ወለድ አይደለም። ነገር ግን በዚያች ትንሽ መጽሐፍ አማካይነት ክሩ ሳይበጠስ ቆየ ለማለት ይቻላል። ሸማኔ ሥራውን አቋርጦ ሲነሣ ድሩን አይቆርጠውም፤ እንዳለ ትቶት ይሄዳልና።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከፍተን የዲፕሎማት ኑሮ ብንፈልግ አናገኝም። ያለው የቆሎ ተማሪው በዛብህ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ነው፤ የጉዱ ካሣ ምላስ ነው። ደራሲው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው፣ ያን ሁሉ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ሲጽፉ የተመለሱት ወደ ልጅነታቸው ጎጃም ነው። ሥራው የልጅነቱን ጎተራ አላራቆተውም። እንዲያውም ከአገር ርቆ መኖር አገርን አጥርቶ ሳያሳይ አይቀርም። ከዚያም በኋላ አላቆሙም፤ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. የታተመው ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ጆሴፍ ኮንራድ የፖላንድ ተወላጅ ነው፤ አባቱ ባለቅኔና ተርጓሚ ስለ ነበሩ በመጻሕፍት መካከል አድጓል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1874፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ መርከበኛ ሆነና ሃያ ዓመት ያህል ባሕር ላይ ኖረ። የመጀመሪያ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1889 ጀመረ፤ የታተመው ግን በ1895 ነው። በመካከሉ ወደ ኮንጎ ሲሄድ ጅምር ጽሑፉን ሻንጣው ውስጥ ይዞት ሄደ፤ በዚያ በሽታና መከራ ሳይጠፋ መመለሱ ተአምር ነው። ይህን ሳነብ የገረመኝ የጻፈው ብዛት ሳይሆን ማነሱ ነው። በአምስት ዓመት አንድ መጽሐፍ! ግን ሻንጣው ውስጥ ነበረ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ታላላቆች ነው። አንባቢ በልቡ «እነሱማ ሐዲስና ኮንራድ ናቸው፤ እኔስ?» እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ስሙ በመጽሐፍ ላይ ስለማይገኝ ሰው ልንገራችሁ። ይህ ሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው።

ጋሼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ በትምህርት ቤታቸው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አጫጭር ታሪኮች ይጽፉ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ከታሪኮቹ አንዱን በቃሏ ታወራዋለች፤ በግ ስለ ሰረቀ ቄስ ነው፤ እጅግ ያስቃል። አባታቸው ሲሞቱ ግን ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ ጠፋና በ1973 ዓ.ም. በአንድ የመንገድ ሥራ ጣቢያ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በኋላም ደመወዝ ከፋይ፣ ከዚያ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኑ። እናቴ የተማረችው በዚያ ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ እኔም ዛሬ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሁት በዚያው ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጡና ዕቃቸውን ጭነው ወደ ቤታችን መጡ።

በመጡ በሁለተኛው ወር ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስሄድ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። «አንቺ ሥነ ጽሑፍ ነው አይደል የምትማሪው?» አሉና አንዲት ወረቀት ሰጡኝ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ። አንድ ነገር ጽፌአለሁ፤ እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥር ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው።

አነበብሁት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ነበር፤ እሳቸው ፈቅደውልኝ ነው እዚህ የምገለብጠው፦ «በ1975 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ጣቢያው የደመወዝ ክፍያ በሚፈጸምበት ዕለት አንድ የቀን ሠራተኛ በጣት አሻራ ምትክ ፊርማ ለማኖር ጥያቄ ያቀረበ ሲሆን፣ ጊዜ ባለመኖሩ ምክንያት ጥያቄው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል።»

ምን ልበል? ደብዳቤ ነበር። ቁጥርና ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። አንቀጾቹ ሳይቀሩ በተራ ቁጥር የተቀመጡ ነበሩ። ያ የግድግዳ ጋዜጣ ልጅ፣ ያ ሰውን በሳቅ ያፈረሰ ልጅ የት ሄደ?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልግለጽ፤ የነገሬ ዋና መገጣጠሚያ ይህ ነውና። ሰው ከተግባር ሥራ ወደ ድርሰት ሲመለስ «ሐሳቤ ነጥፎ ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። የሚነጥፈው ግን ሐሳብ አይደለም። የሚዝገው ቋንቋ ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ክፉ አማርኛ ነው አልልም፤ ለታሰበለት ሥራ የሚስማማ ነው። መሥሪያ ቤት «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል»፣ «እንዲታወቅ ተደርጓል» ይላል። ማን ወሰነ? ማን አመነ? አይባልም፤ እንዳይባልም ነው የሚፈለገው። ባለሥልጣን ቢለወጥ ደብዳቤው ይኖራል፤ ጥፋት ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው በግሡ ውስጥ የለም።

የአማርኛ ግሥ ጠባይ ግን በተፈጥሮው ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። «መታኝ» ብንል በአንዲት ቃል ውስጥ መቺውም ተመቺውም ቆመዋል፤ «አበላችው» ብንል እናትና ልጅ፣ ወይም ሚስትና ባል፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጠዋል። ታሪክ የሚነገረው በዚህ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አድራጊን ከግሥ ውስጥ ሲያወጣ የኖረ እጅ ታሪክ ልጻፍ ሲል አድራጊው ይጠፋበታል። «ሲሆን»ና «ምክንያት» ብቻ ይቀሩታል። ይህ የጋሼ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛን የሴሚናር ጽሑፎች ብትመለከቱ ገና ሳንቀጠር ጀምሮናል።

ለጋሼ ይህን ሁሉ ማብራሪያ አልሰጠሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ጥያቄውን ያልተቀበለው ማን ነው?»

ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። በውጭ እናቴ ቡና ትወቅጥ ነበር፤ የሙቀጫው ድምፅ ብዙ ጊዜ ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ በአፋቸው የነገሩኝ ታሪክ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበርና በየመንደሩ ያልተማረ ጎልማሳ ሁሉ ፊደል ይቆጥር ጀመር። ከጣቢያው የቀን ሠራተኞች አንዱ፣ ድንጋይ ፈላጭ የነበረ ሰው፣ ማታ ማታ ተምሮ ስሙን መጻፍ ቻለ። በደመወዝ ቀን ተራው ሲደርስ የቀለሙን ሣጥን ገፋ አደረገና «ዛሬ እፈርማለሁ» አለ። ብዕሩን እንደ ማጭድ ጨብጦ ጀመረ። አንድ ፊደል። ላቡን ጠረገ። ሁለተኛ ፊደል። ከኋላው ያለው ሰልፍ መቶ ሰው ነው፤ ፀሐይ ነው፤ ይጮኻሉ። ገንዘብ ያመጣው መኪና ሳይመሽ መመለስ አለበት። ጋሼ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የእኔ ዕድሜ ማለት ነው። «ቶሎ በል!» አሉት። አልሰማም። የሰውየውን እጅ ያዙና አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጭነው፣ ከሁለቱ ፊደላት ጎን አተሙት።

ሰውየው ምንም አላለም። ገንዘቡን ሳይቆጥር ይዞ ሄደ።

ከወር በኋላ ሒሳብ መርማሪ መጣና በመክፈያው ሰነድ ላይ ሁለት ፊደልና አንድ አሻራ በአንድ መስመር ቢያገኝ «ስርዝ ድልዝ ነው፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ» አለ። ጋሼ ማብራሪያ ጻፉ። እንዲያውም አለቃቸው በጽሑፉ ጥራት እንዳመሰገኗቸው ነገሩኝ። በዚያ ማብራሪያ ነው «ጊዜ ባለመኖሩ ምክንያት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የተጠቀሙበት። ሰውየው ከዚያ ወር በኋላ ሁልጊዜ ያለ አንድ ቃል ጣቱን ያትም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ተሸክመውት ኖረዋል። ወደ ድርሰት የመለሳቸውም እሱ ነው እንጂ የጡረታ ሥራ ማጣት አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ከሥራቸው በፊት የነበረውን ነው፤ ጋሼ የሚጽፉት ራሱ ሥራው የሰጣቸውን ነው። ሁለቱም ጎተራ ነው። «ሒሳብ ከተማርሁ፣ ሕግ ከተማርሁ ለድርሰት የሚሆን ሕይወት አይኖረኝም» የሚሉ ጓደኞቼ በዚህ ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። የደመወዝ ሰነድ ላይ ምን ያህል ታሪክ እንደ ተኛ እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ አላውቅም ነበር።

ይሁንና ጎተራው መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ እህሉን ማውጣት ራሱ ሥራ ነው። ጋሼ ያን ታሪክ ስምንት ጊዜ ያህል ደጋግመው ጻፉት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ደብዳቤ ነበሩ፤ ጥቂት ብቻ ለሰስ ያሉ ደብዳቤዎች። እኔ ባለማወቄ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመርሁ፤ ያ ስሕተት ነበር። ወረቀቱን እንደ ተሰጠ ትእዛዝ ተቀብለው፣ ያልሁትን ሁሉ ፈጽመው መለሱልኝ፤ ጽሑፉ ግን ይባስ ደረቀ። የረዳቸው ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ማንበብ። ሰርኩላር ሲያነብ የኖረ ጆሮ የሰውን ንግግር ረስቶታል። ስለዚህ ማታ ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልብ ወለድ ያነቡልን ጀመር፤ እናቴም ሽሮ እያማሰለች ትሰማለች። ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮ ማንበብ ልዩ ነገር አለው፤ የማይጥመው ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ ይቆማልና። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የራሳቸውንም ጽሑፍ በዚያው ድምፅ ሲያነቡት «ያቀረበ ሲሆን» ላይ ደረሱና ራሳቸው ሳቁ።

ሌላው ረዳት ደግሞ፣ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ራሱ የጠሉት ሥራ ነው። ለመንገድ ሥራ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲነሡ ስለ ኖሩ አሁንም በዚያው ሰዓት ይነቃሉ። ያን ሰዓት ለጽሕፈት አደረጉት። በዚህ ረገድ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ይታወሰኛል። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል (በመንገድ ዳር የሚቆመውን የደብዳቤ ሣጥን በእንግሊዝ ግዛት ካስጀመሩት አንዱ እሱ ነው) በየማለዳው ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር። ቡና አፍልቶ ለሚቀሰቅሰው አሽከር በዓመት አምስት ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። ይህንን ሁሉ የተናዘዘበት የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲታተም፣ ድርሰትን እንደ ጡብ ቆጠረው ተብሎ ብዙ ተነቅፏል። የነቀፉት ሰዎች ከነጋ በኋላ የሚነሡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጋሼ ቃል አይቆጥሩም። የሚጽፉት ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። በግራ በኩል፣ ወጪ በሚጻፍበት ዓምድ፣ ታሪኩን ይጽፋሉ፤ ቀኙን ለማስተካከያ ይተዉታል። ሲሰርዙም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር አስምረው ነው፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ፊርማቸውንም ጎኑ ላይ ያኖራሉ! ብስቅባቸውም በኋላ ጥቅሙን አየሁት። እኛ ወረቀት ቀድደን እንጥላለን፤ እሳቸው ግን ከስድስተኛው ጽሑፍ ወደ ሁለተኛው ተመልሰው የጣሏትን አንዲት መልካም ቃል ያነሧታል።

ስምንተኛው ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «እጁን ያዝሁት።» ግሡ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ የተመለሰ ሁሉ ይሳካለታል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ጋሼ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ አንድ የመጋዘን ኃላፊ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጽፈው በሣጥን ዘግተውበት ነበር። ጡረታ ወጥተው ሲከፍቱት ምስጥ ዳሩን ብቻ ትቶላቸው አገኙት። ጋሼ «እንደገና ይጻፉት እንጂ» ቢሏቸው «የበላው ምስጥ አይደለም፤ እኔ ነኝ ሳልከፍተው የቆየሁት» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ መስመር አልጻፉም።

ለጋሼም ቢሆን ጊዜው እንደ ልብ የሚሰጥ አይደለም። የግራ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ በቀዶ ጥገና ወጥቶላቸዋል፤ ቀኙ ወረፋ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ አይጽፉም። የበጉን ቄስ ታሪክ እንደገና ሊጽፉት ይፈልጋሉ፤ ያን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ያገኙትን ቀልድ ግን እስካሁን መልሰው አላገኙትም። «የልጅ ሳቅ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ቄሱ ያሳዝነኛል» ይላሉ። ይህ ኪሳራ ነው፤ በጡረታም በትጋትም አይካካስም። በሃያ ዓመት የሚጻፍ ነገር አለ፤ በስድሳ ዓመት የሚጻፍ ሌላ ነው። በሃያ ዓመቱ ያልተጻፈው ደግሞ በስድሳ ዓመት አይጻፍም። «እመለስበታለሁ» ስንል ልብ የማንለው ይህችን ነገር ይመስለኛል። የሚመለሰው ሰው ደብተሩን ትቶት የሄደው ሰው አይደለምና።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ምን አልኋት? አካውንቲንግን ተዪ አላልኋትም፤ መብትም የለኝም። የጋሼን ታሪክ ግን እንዳለ ነገርኋት፤ የመጋዘኑን ኃላፊም ጨምሬ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ባለፈው ወር ግን አንድ እሑድ ማታ ወደ ዶርሜ መጣችና ደብተሩን ጠየቀችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ገጾቹን እያገላበጠች በራሷ የእጅ ጽሕፈት ተናደደች። ከዚያም ያላለቀውን ልብ ወለድ ከመስፊያው ፈታ አወጣችና ከኮስት አካውንቲንግ መጽሐፏ መካከል አስገባችው።

ግጥሞቹን «አንቺ ጋ ይቆዩ፤ እነሱ ያሳፍሩኛል» ብላ ተወቻቸው።